የነዳጅ ግፊት አውጫጭኝ

የነዳጅ ግፊት ማለት ፓምፕ ቤንዚኑን ወደ ካርቡሬተር የሚገፋበት ጉልበት ነው። ጉልበት ይባል እንጂ ትንሽ ነገር ነው። ሰዎች በየጋራዣቸው በሚሠሯቸው አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ባለ 100 ፈረስ ጉልበቱ የኦስትሪያ ሞተር፣ ሮታክስ 912 ዩ.ኤል.ኤስ.፣ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ግፊት 2.2 ፒ.ኤስ.አይ.፣ ከፍተኛው ደግሞ 5.8 ነው። በኋላ የመጡት ፓምፖች ከ7 ትንሽ ከፍ እንዲሉ ተፈቅዶላቸዋል። የመኪና ጎማ 30 ገደማ ሲነፋ ለለመደ ሰው ይህ እስትንፋስ እንጂ ግፊት አይመስልም። ጣጣው የሚጀምረውም ከዚሁ ነው፤ ጎማ ላይ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ቢጎድል ከቁብ የሚቆጥረው የለም፣ እዚህ ግን አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ከመደበኛው ግፊት ሩብ ያህል ነው። ጌጁ 4.5 ሲል ቆይቶ 3.1 ካለ፣ ወደ 5 ወጥቶ ተመልሶ 2 ላይ ወርዶ ቀይ መብራቱን ካበራ፣ አብራሪው ከመሬት በስተቀር የሚናፍቀው ነገር አይኖርም።

ያ አብራሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑን በገዛ እጁ የሠራ ሰው ነው። በአሜሪካ አንድ አውሮፕላን በአማተር የተሠራ ተብሎ የሚመዘገበው፣ የሥራው አብላጫ ክፍል ለትምህርትና ለመዝናኛ ሲሉ በሠሩት ሰዎች እጅ ካለፈ ነው፤ ሠሪዎቹ ይህን «የ51 በመቶ ደንብ» ይሉታል። ማኅበራቸው በ1953 እ.ኤ.አ. ዊስኮንሲን ውስጥ ተቋቁሞ፣ ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ኦሽኮሽ ከተማ ላይ ከባድ ድግስ ይደግሳል። ኢትዮጵያ ውስጥም አስመላሽ ዘፈሩ የቮልስ ዋገን ሞተር ይዞ አውሮፕላን ለማስነሳት የታገለው ይህንኑ መንገድ ይዞ ነው፤ የቮልስ ሞተር በዚህ ሙያ ውስጥ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከፋብሪካ የወጣ አውሮፕላን ያለው ሰው ጌጁ ሲወራጭበት ፋብሪካውን ይራገማል። በቤቱ የሠራ ሰው ግን የሚራገመው የለውም፤ ቱቦውን የቆረጠ፣ ሽቦውን የጎተተ፣ ቡሎኑን ያጠበቀ እሱ ነው። ተጠርጣሪዎቹ በሙሉ የአብራኩ ክፋዮች ናቸው።

የነዳጁ ጉዞ ሲዘረዘር ረጅም ነው። ቤንዚኑ ከታንኩ ይነሣል፣ በመክፈቻው በኩል ወደ ፊልትሮ ይገባል፣ የኤሌክትሪክ ፓምፑን ያልፋል፣ ከሞተሩ ጋር የሚሠራው ሜካኒካል ፓምፕ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ሁለቱ ካርቡሬተሮች ይሄዳል። የተረፈውም እንፋሎቱን ይዞ በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል ወደ ታንኩ ይመለሳል። ከዚህ መሥመር ላይ አንዲት ቀጭን ቅርንጫፍ ወጥታ ከሴንሰር ጋር ትገናኛለች፤ ሴንሰሩ ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ በሽቦ ወደ ስክሪኑ ይልካል። እንግዲህ ቁጥሩ ሲዋዥቅ አንዱ ወገን ነዳጁ ነው፣ ሌላው ወገን ስለ ነዳጁ የሚመሰክረው። ወንጀለኛውና ሐሰተኛ ምስክሩ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ከስክሪኑ ላይ ሲታዩ ደግሞ መልካቸው አንድ ነው።

የድሮ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው አገሩን ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሌላም መንገድ ነበር፦ ሌባ ሻይ። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ሲንገዳገድ ሄዶ የወደቀበት ደጃፍ ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። የአውሮፕላን ሠሪዎች በአብዛኛው የሚመርጡት፣ ሳያውቁት፣ ሁለተኛውን ነው። ጌጁ ሲዋዥቅ ፓምፑ ይታዘዛል፤ ፓምፑ ተቀይሮ ካልተሻለው ሴንሰሩ፤ ሴንሰሩ ተቀይሮ ካልተሻለው ፊልትሮውና ቱቦው አንድ ላይ ይታዘዛሉ። በመጨረሻ ግፊቱ ቢረጋጋ እንኳ ምን እንዳረጋጋው የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን ተቀይሯልና። ጥፋቱ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ምርመራው ከዜሮ ይጀምራል፣ ኪሱ ግን ከዜሮ በታች ወርዷል። በየተራ አንድ ነገር ብቻ መንካት የሚባለው ደንብ አሰልቺ የሆነውን ያህል ርካሽ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ሞተሩ ራሱ ነው። ካርቡሬተሮቹ በየሳሕናቸው ትንሽ ቤንዚን ይይዛሉ፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ ያቺ ቅምሻ አንድ ደቂቃ አትሞላም። ስለዚህ ክንፉ ከታች በሆነ፣ ነዳጁ ሽቅብ መሳብ ባለበት አውሮፕላን ላይ ጌጁ ለአሥር ደቂቃ ዜሮ እያሳየ ሞተሩ እንደ ወትሮው ከዘፈነ፣ የሚዋሸው ጌጁ ነው። ክንፉ ከላይ ከሆነ ግን ይህ ማስረጃ ይላላል፤ ታንኩ ከካርቡሬተሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ካለ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ብቻ 1 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይሰጣል፣ ሞተሩም በዚያ ተደግፎ ሊቆይ ይችላል። በተቃራኒው ቁጥሩ ሲወርድ የሞተሩ ድምፅ አብሮ ከተንተባተበ፣ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ሲበራ ደግሞ ሁለቱም አብረው ከተመለሱ፣ ምስክሩ እውነተኛ ነው፤ ቅርብ ያለው ሜዳ ላይ ማረፍ እንጂ ተጨማሪ ማስረጃ ፍለጋ አየር ላይ መዞር አያስፈልግም። በዚህ ሙያ የጌጅን ሐሰተኛነት የሚያረጋግጡት መሬት ላይ ነው። «ጌጁ ነው፣ ልማዱ ነው» እያሉ የሚበሩም አሉ። አንዳንዴ እውነት ይሆንላቸዋል።

መዋዠቅ ሁሉ በሽታ አይደለም። ሜካኒካሉ ፓምፕ ስስ ሽፋን ወደ ላይና ወደ ታች እየተመታ የሚሠራ ነው፤ ሮታክስ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ሲዞር የፕሮፔለሩ ዘንግ በ2.43 ተካፍሎ 2,000 ገደማ ይዞራል፣ ፓምፑም በዚያው ልክ በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ ይመታል። በዚህ ላይ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ነዳጅ ሲሞላ በሩን ይዘጋል፣ ሲጎድል ይከፍታል። ፈረንሳዊው ኤዤን ቡርዶን በ1849 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው፣ ውስጡ ጠመዝማዛ የነሐስ ቱቦ ያለው ጌጅ ይህን ሁሉ ትርታ ዋጥ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ የመቆም ጨዋነት ነበረው። የዛሬው ስክሪን ግን ያየውን ሁሉ ይናገራል፤ ከነጥብ በኋላ ያለችውን አሐዝ ሳትቀር። የድሮው አብራሪ ሳያውቅ ተኝቶ ያድር የነበረው ሞተሩ የተለየ ስለነበር አይደለም። ስክሪኑ እንዳይለፈልፍ ሲባል በሴንሰሩ ቅርንጫፍ መነሻ ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ ያላት ማጥበቢያ ትገባለች። ትርታውን ታበርዳለች፤ ሌላም ትልቅ ውለታ አላት፤ ቅርንጫፉ ድንገት ቢቆረጥ በጋለው ሞተር ላይ የሚፈስሰው ቤንዚን ጠብታ እንጂ ጎርፍ እንዳይሆን ታደርጋለች። ትንሽ ስለሆነች በችኮላ የምትረሳውም እሷው ናት።

ወደ ምስክሩ ስንመጣ፣ ጉቦ ከሚቀበልባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው ማሳ ነው። የኤሌክትሪክ መካኒክ ማሳ ሲል የጤፍ ማሳ ማለቱ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበትን የብረት አካል ማለቱ ነው። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ማሳውን የሚያገኘው በገዛ ጥርሱ፣ ማለትም በተጠመዘዘበት ብረት በኩል ነው። ጠንቃቃው ሠሪ ታዲያ ነዳጅ እንዳያፈስበት ብሎ ያንን ጥርስ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ በቴፍሎን አድርጎ ይጠመጥመዋል። ቴፍሎን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ፍሳሹ ይቆማል፤ ቁጥሩ ግን ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር፣ ጥርሱ ብረቱን በነካና በለቀቀ ቁጥር ይዘላል። ከቴፍሎኑ የተላጠች ክር ወደ ውስጥ ገብታ የካርቡሬተሩ በር ላይ ከተጋደመች ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ሁለት ጥፋት ወለደ፦ ሐሰተኛ ምስክርም፣ እውነተኛ ወንጀልም።

የማሳ ጉድለት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም። የነዳጅ ግፊቱ ሲዘል የዘይት ግፊቱም፣ የሙቀቱም ቁጥር አብሮ ከዘለለ፣ ነዳጁን መክሰስ ግፍ ነው፤ ሁሉም በአንድ የላላ ዳዶ ሥር የታሰሩ ናቸው። የማረፊያ መብራቱ ሲበራ ግፊቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለም ነገሩ ያው ነው፤ መብራት ቤንዚን አይገፋም። አብራሪው ለመናገር የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫን ቁጥሩ የሚጨፍር ከሆነ ደግሞ የሴንሰሩ ሽቦ ከአንቴናው ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ይሆናል። ሽቦዎቹን በአንድ ላይ አስሮ ማስተካከል ለዓይን ያምራል፣ ሠሪውም ለጎብኚ ሲያሳይ ኩራቱ እሱ ነበር።

ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቦታም ይመረመራል። በቀጥታ ከሞተሩ ላይ በነሐስ መገጣጠሚያ የተንጠለጠለ ሴንሰር ቀኑን ሙሉ እንደ ቃጭል ይወዛወዛል፤ ውስጡ ያለው ጥቃቅን መካኒዝም ይበላል፣ የከፋው ግን መገጣጠሚያው ሊሰነጠቅና ነዳጅ ሊያፈስ መቻሉ ነው። ትክክለኛው ቦታው ሞተሩንና አብራሪውን በሚለየው የእሳት መከለያ ግድግዳ ላይ ነው፣ በተጣጣፊ ቱቦ ተገናኝቶ። ወደ ግድግዳው የተዛወረ ሴንሰር ግን በጥርሱ ያገኘው የነበረውን ማሳ ያጣል፤ አንዲት ሽቦ ልትጨመርለት ይገባል። ይህችን ሽቦ የረሳ ሰው ሴንሰሩን ወደ ተሻለ ቤት አስገብቶ መብራቱን የቆረጠበት አከራይ ነው።

ሴንሰሩን ለመፈተን የሚያስፈልገው መሣሪያ በብዙ ቤት ውስጥ፣ የአያት አልጋ ራስጌ ላይ አለ፦ የደም ግፊት መለኪያ። በክንድ ላይ የሚታሰረውና በእጅ የሚነፋው፣ ክብ ሰዓት ያለው ዓይነት እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይቆጥራል። 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ደግሞ፣ ሲሰላ፣ ልክ 5.8 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ የሞተሩ ዝቅተኛ ግፊት 2.2ም 114 ገደማ ላይ ይወድቃል። አማርኛው ለሁለቱም «ግፊት» የሚል አንድ ቃል መስጠቱ በከንቱ አልነበረም። ሴንሰሩ ከነዳጁ መሥመር ይፈታል፣ ይደርቃል፣ ሽቦው እንደተያያዘ የመለኪያው ጎማ አፉ ላይ ይገጠማል። ከዚያ አንድ ሰው ኮፈኑ አጠገብ ቆሞ ይነፋል፣ ሌላው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስክሪኑን ያነባል። «መቶ አሥራ አራት!» ይላል የውጭው። «ሁለት ነጥብ ሁለት!» ይላል የውስጡ። «ሁለት መቶ ሰባት!» «አራት!» ንባቡ እንዲህ ከተግባባ ሽቦው በየቦታው ይነካካል፣ ይነቀነቃል፤ ቁጥሩ ፍንክች ካላለ ምስክሩ ከነቃሉ ነጻ ይወጣል። ሽቦው መታጠፊያው ላይ ሲነካ 4 የነበረው 9 ካለ ግን ምርመራው እዚያው አለቀ፤ አየሩ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ቃሉ ነው። በዚህ መሀል የአያትየው መለኪያ የት ገባ ተብሎ ቤት ውስጥ የሚነሣው ጥያቄ ከምርመራው ውጭ ነው።

ሕመሙ ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚጠፋ በሽተኛ እንዳለ ሁሉ፣ መሬት ላይ ጨዋ ሆኖ አየር ላይ የሚያብድ ሴንሰርም አለ። ለዚያኛው የሚሻለው ሁለተኛ ምስክር መጥራት ነው። ከመሥመሩ ላይ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ ተራ የቡርዶን ጌጅ ከኮፈኑ ሥር ማሰር፣ አውሮፕላኑን መሬት ላይ አጥብቆ አስሮ ሞተሩን በሙሉ ኃይል ማሠራት። ሁለቱ ጌጆች አብረው ከዋዠቁ ነገሩ እውነት ነው። ቤንዚን ያለበትን ጌጅ አብራሪው ወደሚቀመጥበት ክፍል ማስገባት ግን ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው።

ነገሩ እውነት ሆኖ ሲገኝ ዋናው ተጠርጣሪ አየር ነው። ከፓምፑ በፊት ያለው የመሥመሩ ክፍል የሚገፋ ሳይሆን የሚሳብ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ቀዳዳ ቤንዚን ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ይጠጣል። ጠብታ የለም፣ ሽታ የለም፣ መሬቱ ደረቅ ነው። ሠሪው በባትሪ እያበራ ከሥር ተንጋሎ አንድ ሰዓት ቢፈልግ የሚያገኘው ንጹሕ ቱቦ ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ከታንኩ አጠገብ ካለ ግን፣ እሱ ሲበራ መሥመሩ ወደ ግፊት ስለሚለወጥ፣ ያቺው ቀዳዳ ማላብ ትጀምራለች፤ ዘዴው ይህ ነው። ለመሬት ሙከራ ብቻ አንድ ክንድ ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ከመሥመሩ መሀል ከገባ ደግሞ አረፋዎቹ እንደ ጠላ ብቅል ሲግተለተሉ በዓይን ይታያሉ። ምንጩ ብዙ ጊዜ የመገጣጠሚያው አፍ ነው። የአውሮፕላን መገጣጠሚያ አፉ በ37 ዲግሪ የተከፈተ ነው፤ የመኪናው 45 ነው። ከመኪና ዕቃ መሸጫ የተገዛ መሣሪያ የሠራው አፍ ሲያዩት ልክ ይመስላል፣ ሲጠብቅም ይጠብቃል፣ ግን የሚነካው በከንፈሩ ጫፍ ብቻ ነው።

ከአየር ቀጥሎ እንፋሎት ይመጣል፣ ለኢትዮጵያ አንባቢም ይህኛው ለመረዳት የቀለለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላና ባቄላው አልበስል እንደሚል የማያውቅ የለም፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ፈሳሹም ቶሎ ይፈላል። ቤንዚንም ሕጉ ያው ነው። የሚሳበው መሥመር ውስጥ ግፊቱ ከውጭው አየር እንኳ ያነሰ ነው፤ ከዚያ ላይ ከፍታ ሲጨመር፣ ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ ሲያልፍ፣ ነዳጁም ከመንገድ ዳር ማደያ የተቀዳ የመኪና ቤንዚን ከሆነ (ከአውሮፕላን ቤንዚን ይልቅ ቶሎ ይተናልና) ቱቦው ውስጥ መፍላት ይጀምራል። ፓምፑ እንፋሎት ሲጎርስ ግፊቱ ይወድቃል፣ ፈሳሽ ሲያገኝ ይዘላል። ይህ ዓይነቱ የሚታወቀው በሰዓቱ ነው፤ በቀዝቃዛ ጧት የለም። አውሮፕላኑ በሞቃት ቀን አርፎ፣ አብራሪው ሻይ ጠጥቶ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሲመለስ ግን ይመጣል፤ የቆመ ሞተር የሚያበርደው ነፋስ ስለሌለ ሙቀቱን በሙሉ በኮፈኑ ሥር ይለቅቀዋልና። መፍትሔውም መሥመሩን ከጭስ ማውጫው ማራቅ፣ እሳት የሚከላከል ሽፋን ማልበስ፣ ለፓምፑ ቀዝቃዛ አየር የሚያመጣ ቱቦ መስጠት፣ ከታንኩ አጠገብ ያለውን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ማብራት፣ ወደ ታንኩ የሚመለሰው ቀጭን መሥመር ክፍት መሆኑን ማየት ነው። መመለሻው ከተደፈነ እንፋሎቱ መውጫ አያገኝም።

የቀሩት ተጠርጣሪዎች በጊዜያቸው ይለያሉ። የዘይት ቆርቆሮ በአንድ በኩል ብቻ ተበስቶ ሲዘቀዘቅ እየተንገጫገጨ እንደሚወርድ፣ መተንፈሻው የተደፈነ ታንክም እንደዚያ ነው፤ ሲነሡ ደህና ነበር፣ ነዳጁ በጎደለ መጠን ግፊቱ ይዳከማል፣ ክዳኑ ሲከፈት አየር ፉጨት እያሰማ ይገባል። ደፋኙ አብዛኛውን ጊዜ የጭቃ ጎጆ የምትሠራ ተርብ ናት፤ እሷም 51 በመቶውን በራሷ የሠራች አማተር ናት። የተደፈነ ፊልትሮ ደግሞ ሙሉ ኃይል ሲጠየቅ ያጋልጣል፣ ዝግ ሲል ይደብቃል። ሲከፈት የሚገኘው የሠሪው የሕይወት ታሪክ ነው፦ የፋይበርግላስ ብናኝ፣ ቱቦ በመገጣጠሚያ ላይ በኃይል ሲገፋ የተላጠ የጎማ ቁራጭ፣ በታንኩ ውስጥ ከተቀባው ማሸጊያ በኤታኖል ተልጦ የወጣ ቅርፊት። ይህ የመጨረሻው ከተገኘ ፊልትሮ መለወጥ ብቻ ጊዜ መግዛት ነው፤ ታንኩ መከፈት አለበት። ፓምፑ ራሱ የሚጠየቀው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ከሁሉም በፊት ቢቀየርም። ሽፋኑ ከተቀደደ በማፍሰሻ ቀዳዳው በኩል ያነባል፤ ቫልቩ ካልገጠመ ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ወዲያው ዜሮ ይላል።

ጥገናው ሲያልቅ ሞተሩ መሬት ላይ ይሠራል፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛ፣ ከዚያ ሞቆ ቆሞ እንደገና ተነሥቶ፣ በኤሌክትሪክ ፓምፑና ያለ እሱ፣ በእያንዳንዱ ታንክ። ቁጥሮቹ በመዝገቡ ላይ ይጻፋሉ፣ የተነካችው አንዷ ነገርም አብራ። የመጀመሪያው በረራ ከሜዳው በላይ፣ ሞተሩ ቢጠፋ ተንሸራትቶ ለመመለስ በሚበቃ ከፍታ ነው። በዚያ በረራ ላይ ጌጁ 4.2 ብሎ 4.4፣ ተመልሶ 4.3 ቢል ሥራው ተሳክቷል፤ የፓምፑ ምት ነው። ቁጥሩ ከመነሣት እስከ ማረፍ 4.3 ላይ ተገትሮ ከቀረ ግን የደም ግፊት መለኪያውን እንደገና መዋስ ሊያስፈልግ ነው።